ከወጣቶች መሐላ እስከ ጥናት መጽሔት፦ የኢንዶኔዥያ ቋንቋ መንገድ

ርዕሱን አይታችሁ «ደግሞ ኢንዶኔዥያ ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ ኮርስ ላይ ስለ ቋንቋና ስለ መንግሥት የሴሚናር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ጓደኞቼ አየርላንድን፣ ቤልጂየምን፣ ካናዳን ቀድመው ያዙ፤ እኔ እንደ ልማዴ ዘግይቼ ስደርስ ከቀሩት አገሮች አንዷ ኢንዶኔዥያ ነበረች። ከእስራኤል ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት የላትም፣ ቋንቋዋን አላውቅም፣ ታዲያ ምን ልጽፍ ነው ብዬ ተጨነቅኩ።

ከዚያ ፍለጋ ስጀምር አንድ ነገር ገረመኝ። የብዙ አገሮችን የምርምር መጽሔቶች ለማንበብ ዩኒቨርሲቲው ካልከፈለ በሩ ዝግ ነው። የኢንዶኔዥያዎቹ ግን አብዛኞቹ ለማንም ክፍት ናቸው፤ አውርዶ ማንበብ ነው። ስለ ቋንቋና ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብቻ የተጻፈው ጥናት ተቆጥሮ አያልቅም። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ አብዛኛው የተጻፈው በራሳቸው ቋንቋ መሆኑ ነው።

እኔ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ዕብራይስጥ እየተናገርኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ባግሩትም በአማርኛ ተፈትኛለሁ። ነገር ግን እስከዛሬ ድረስ «ይህን በአማርኛ የተጻፈ ጥናት አንብቢና ነይ» ያለኝ አስተማሪ የለም። ስለዚህ የሴሚናሩ ጥያቄ ሳላስበው የራሴ ጥያቄ ሆነ። ከመቶ ዓመት በፊት የወደብና የገበያ መግባቢያ የነበረ ቋንቋ እንዴት አድርጎ ፕሮፌሰር የሚጽፍበት ቋንቋ ሆነ? ከሆነ በኋላስ የሚጻፈውን ማን ያነበዋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ታሪክ በደንብ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች አሏት። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 270 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ የሚነገሩት ቋንቋዎች ደግሞ ከ700 በላይ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከሕዝቡ መቶ ውስጥ አርባ የሚሆነው የጃቫ ሰው ነው። ታዲያ አገር ሲመሠረት የብዙኃኑ ቋንቋ፣ ማለትም ጃቫኛ፣ ለምን አልተመረጠም?

ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እንላለን፤ አያቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «አንቱ» ትላለች። በጃቫኛ ግን የሚለወጠው እንዲህ ያለው ቃል ብቻ አይደለም፣ ንግግሩ በሙሉ ነው። ከእኩያ ጋር ስታወራ መብላት «ማንጋን» ነው፤ የተከበረ ሰው ሲበላ ግን «ዳሃር» ነው፣ ቃሉ ፈጽሞ ሌላ ነው። አፍህን ከመክፈትህ በፊት ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሆነ መወሰን አለብህ። ሁላችንም እኩል ነን ብለው ለተነሱ ወጣቶች ይህ አይመችም። በዚያ ላይ የትልቁ ሕዝብ ቋንቋ ቢመረጥ ሌሎቹ ደሴቶች «ከሆላንድ እጅ ወጥተን ጃቫ እጅ ገባን» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ማላይኛ ግን ማንንም አያስፈራም። የአፍ መፍቻው ያደረገው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በማላካ ወሽመጥ ዙሪያና ከዚያም አልፎ በየወደቡ ነጋዴው፣ መርከበኛውና ሰባኪው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲግባባበት ኖሯል። ግሡም ቀላል ነው። በላሁ፣ በላች፣ ይበላሉ ለማለት ሁሉም «ማካን» ነው፤ በጾታም በጊዜም አይለዋወጥም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ምነው እኛን ኡልፓን ውስጥ ይህን ባስተማሩን!» ብላ ሳቀች።

የሆላንድ ቅኝ ገዥዎችም ሕዝቡን ሁሉ የራሳቸውን ቋንቋ፣ ማለትም ደች፣ ለማስተማር ፍላጎት አልነበራቸውም። ደች የጥቂቶች ነበር፤ ለታችኛው አስተዳደር ማላይኛ ይበቃል ብለው አሰቡ። በ1901 ቫን ኦፖይሰን የተባለ የሆላንድ ምሁር ከሁለት የአገሬው መምህራን ጋር ሆኖ ማላይኛ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ደንብ አወጣ። በ1908 የሕዝብ ንባብ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ይህም በ1917 «ባላይ ፑስታካ» የተባለ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሆነ። ከዚህ ቤት ነው እንደ «ሲቲ ኑርባያ» ያሉ የመጀመሪያዎቹ ልብ ወለዶች የወጡት። ይህኛው በ1922 የታተመ፣ ሳትወድ የተዳረች ልጅ ታሪክ ነው፤ የእኛ አያቶች ቢሰሙት አዲስ አይሆንባቸውም። ማተሚያ ቤቱ ግን ለጽድቅ ብቻ አልነበረም የተከፈተው። ባለሥልጣናቱ ከየከተማው የሚወጡትን የግራና የብሔርተኛ ጽሑፎች «የዱር ንባብ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ ሕዝቡ ማንበብ ካልቀረለት እነሱ የመረጡትን ያንብብ ነው ነገሩ። ያም ሆኖ በ1930 ቆጠራ ከመቶ የአገሬው ሰው ማንበብ የሚችለው አሥር አይሞላም ነበር።

አሁን ወደ ወጣቶቹ እንምጣ፤ ይህን ታሪክ ለወጣት ማኅበር መጽሔት የመረጥኩት በእነሱ ምክንያት ነው። በ1926 በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) የመጀመሪያው የወጣቶች ጉባኤ ተደረገ። ሙሐመድ ያሚን የተባለ ወጣት የአንድነታችን ቋንቋ ማላይኛ ይሁን የሚል ረቂቅ አቀረበ። ታብራኒ የተባለው ጋዜጠኛ ተቃወመው። ቋንቋውን አልጠላውም፣ ስሙን ነው የተቃወመው፤ አገራችን ኢንዶኔዥያ ከሆነች ቋንቋውም ኢንዶኔዥያኛ ይባል አለ። አስቡት፣ በዚያን ጊዜ ኢንዶኔዥያ የሚባል መንግሥት የለም፤ ቅኝ ግዛት ነው። ልጆቹ ለሌለ አገር ቋንቋ ስም እያወጡ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኦክቶበር 28 ቀን 1928 ሁለተኛው ጉባኤ ዛሬ «የወጣቶች መሐላ» የሚባለውን ውሳኔ አሳለፈ። ሦስት ነጥብ ነው፦ አንድ ምድር፣ አንድ ሕዝብ፣ ሦስተኛው ስለ ቋንቋ። ሦስተኛው ላይ አጻጻፉ እንደ ሁለቱ አይደለም። «አንድ ቋንቋ አለን» አይልም፤ የአንድነት ቋንቋ የሆነውን ኢንዶኔዥያኛ ከፍ እናደርጋለን ነው የሚለው። ይህች ትንሽ ልዩነት ብዙ ትርጉም አላት፤ ጃቫኛው፣ ሱንዳኛው፣ ባታክኛው በየቤቱ ይቀጥላል ማለት ነው። አሁን ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ዜማም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚሁ ጉባኤ ላይ በቫዮሊን ተሰማ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። ስለ አንድነት ቋንቋ በተማከረበት በዚያ ጉባኤ ላይ ከተናገሩት አንዷ ሲቲ ሱንዳሪ ንግግሯን ያደረገችው በደች ነው። የተማረችበት ቋንቋ እሱ ነው፤ በሌላው ሐሳቧን እንደልቧ መግለጽ አልቻለችም። ሌሎችም እንደሷ ነበሩ። ጉባኤውን የመራው ሱጎንዶ ራሱ የጃቫ ልጅ ነው፤ ማላይኛ ይከብደው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በዲሴምበር በዮግያካርታ የሴቶች ጉባኤ ሲደረግ ይህችው ሲቲ ሱንዳሪ ተነስታ በኢንዶኔዥያኛ ተናገረች። ሁለት ወር! አያታችንን ስናናግር ቃል ጠፍቶን በመሃል ዕብራይስጥ የምንሰነቅር ሁላችን ያቺን ልጅ እናውቃታለን።

መማል አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቋንቋ ስለ ሕግ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ መጻፍ ሌላ። በ1933 ሱታን ታክዲር አሊሻህባና፣ አርሚን ፓኔና አሚር ሐምዛህ «ፑጃንጋ ባሩ» የተባለ መጽሔት ጀመሩ። ግጥም፣ ሂስ፣ ስለ ቋንቋው የወደፊት ዕጣ ክርክር ይወጣበት ነበር። ደንበኞቹ 150 ያህል ብቻ ነበሩ ይባላል። 150! የእኛ ማኅበር መጽሔት እንኳ ከዚያ በላይ ይታተማል። ነገር ግን እነዚያ ጥቂት አንባቢዎች ያነቡት፣ የተከራከሩበት፣ መልስ የጻፉበት ስለሆነ የኢንዶኔዥያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ዛሬ አንዱን ዘመን የሚጠራው በዚያ መጽሔት ስም ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1938 በሶሎ ከተማ የመጀመሪያው የኢንዶኔዥያኛ ቋንቋ ጉባኤ ተካሄደ። ትልቁን ግፊት የሰጠው ግን ማንም ያላሰበው ኃይል ነው። በ1942 ጃፓን ደሴቶቹን ስትይዝ ደችን ከለከለች። ጃፓንኛ ደግሞ በአንድ ቀን አይለመድም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱም፣ ቢሮውም፣ ጋዜጣውም በኢንዶኔዥያኛ ሆነ፤ ወደ ኋላ ማለት የለም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የቋንቋ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሙያዊ ቃላትን መፍጠር ጀመረ፤ አሊሻህባናም ከሠራተኞቹ ዋነኛው ነበር። አስተማሪው ነገ የሚያስተምረውን የሂሳብ ቃል ዛሬ ነው የሚያገኘው። እዚህ አገር የተማራችሁ በ1913 በሐይፋ ቴክኒዮን ላይ የተነሳውን የቋንቋ ጦርነት ታውቁታላችሁ፤ ጀርመንኛ ይሁን ዕብራይስጥ ተብሎ አስተማሪና ተማሪ ክፍሉን ጥሎ የወጣበት። ያኔም «ዕብራይስጥ ለሳይንስ ቃል የለውም» የሚሉ ነበሩ። ቃል ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ ሰው ሲቸገር ነው የሚወለደው።

ነፃነት በ1945 ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ በ36ኛው አንቀጽ ኢንዶኔዥያኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። ፊደሉም አብሮ ተቀየረ። በ1947 የደቾቹን አጻጻፍ መተው ጀመሩ፤ በ1972 ደግሞ ከማሌዥያ ጋር ተስማምተው ትልቁን ማሻሻያ አደረጉ። ሁለት ፊደል ይፈልግ የነበረው «ጀ» በአንድ ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ የዋና ከተማዋ ስም ራሱ አንድ ፊደል ቀነሰ። የድሮ ሰዎች ግን ስማቸውን በአሮጌው አጻጻፍ ይዘው ቀሩ። ለእኛ «ሀ» እና «ሐ» ይቀነሱ አይቀነሱ እየተባለ ስንት ዘመን እንደተጨቃጨቅን ሳስብ እነሱ ቆራጦች መሰሉኝ።

የቃላት አፈጣጠራቸውን እዚህ ላይ ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። «ተሊቲ» ማለት ጠንቃቃ፣ አስተዋይ ማለት ነው። ከሱ «መነሊቲ» (መመራመር)፣ «ፐነሊቲ» (ተመራማሪ)፣ «ፐነሊቲያን» (ምርምር) ይወጣል። እኛ መረመረ፣ መርማሪ፣ ምርምር እንደምንለው ነው፤ ሥሩን የሚያውቅ ልጅ ቅርንጫፉን ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። ኮምፒዩተር ሲመጣም አልተበገሩም። ከኢንተርኔት ማውረድ «ኡንዱህ» ይባላል። ይህ የጃቫኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ፍሬ ከዛፍ ላይ መልቀም። በ1928 ለአንድነት ሲባል ወደ ጎን የቀረው ቋንቋ ተመልሶ በዚህ በር ገባ ማለት ነው። በኦክቶበር 28 ቀን 1988፣ ልክ በመሐላው 60ኛ ዓመት፣ ትልቁ መዝገበ ቃላታቸው ታተመ።

እስከዚህ ድረስ የድል ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ቋንቋውን በየደሴቱ ማን ያስተምር? በ1954 በባንዱንግ፣ በማላንግ፣ በባቱሳንግካርና በቶንዳኖ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍተኛ ተቋማት ተከፈቱ። እያደጉ ሄደው በ1999 የባንዱንጉና የማላንጉ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የዮግያካርታውም የመምህራን ተቋም እንዲሁ። «የኢንዶኔዥያ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት» የሚባለው የትምህርት ክፍል የሚገኘው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ውስጥ ነው። ዛሬ ስለዚህ ሙያ ከሚጻፈው ጥናት ብዙው የሚወጣው ከነሱ ነው።

ትምህርቱ ግን ቀስ በቀስ ደረቀ። ተማሪው የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስና የትኛው «ትውልድ» ውስጥ እንደሚመደብ ያጠናል፤ መጽሐፉን ራሱን አይከፍትም። እኛም ዘንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሐዲስ ዓለማየሁ ነው ብሎ መልሶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ አንድ ገጽ ሳያነቡ። አንዳንዱ ደራሲ ደግሞ ስሙም አይነሳም ነበር። ፕራሙድያ አናንታ ቱር ያለ ፍርድ ታስሮ ከ1969 እስከ 1979 በቡሩ ደሴት ኖረ፤ እዚያ ያሰበውን ልብ ወለድ በ1980 ሲያወጣው በዓመቱ ታገደ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ መጽሐፎቹን ሲያዘዋውሩ የተገኙ የዮግያካርታ ወጣቶች ታስረዋል። እንግዲህ ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ጥናት የሚጽፍ ሰው በዚያ ዘመን ዋናውን ደራሲ ዘሎ ነበር የሚጽፈው።

በ1997 ገጣሚው ታውፊቅ ኢስማኢል አንድ ቀላል ጥያቄ ይዞ ተነሳ። በ13 አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠየቀ፦ ትምህርት ቤት እያላችሁ አንብቡ ተብላችሁ የታዘዛችሁት፣ ክፍል ውስጥ የተወያያችሁበት፣ የተፈተናችሁበት የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ ስንት ነው? አሜሪካ 32፣ ሆላንድ 30፣ ጃፓን 15፣ ማሌዥያ 6 የሚል መልስ አገኘ። ኢንዶኔዥያ ዜሮ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ በቅኝ ግዛቱ መጨረሻ ዓመታት በዮግያካርታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 25 መጽሐፍ ይነበብ የነበረ መሆኑ ነው። እርግጥ ያ ትምህርት ቤት የጥቂት ዕድለኞች ነበር፤ መጽሐፉም በራሳቸው ቋንቋ አልነበረም። ጥናቱም በሳይንስ ሚዛን ሲመዘን ትንሽ ነው፤ ከየአገሩ ጥቂት ሰው ነው የተጠየቀው። ግን ያ «ዜሮ» አገሩን አንቀጠቀጠ። የዜሮ መጽሐፍ ትውልድ የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በየጥናቱ መግቢያ ላይ ይገኛል። አንድ ገጣሚ፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁሉም ሰው የሰማው መልስ።

ከዚያ የቁጥሩ ዘመን መጣ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2012 የከፍተኛ ትምህርት ዳይሬክቶሬት ለዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ደብዳቤ ላከ። ከኦገስት ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በምርምር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ይኑረው፤ የማስተርስ ተመራቂ በአገር አቀፍ፣ የዶክትሬት ተመራቂ በዓለም አቀፍ መጽሔት። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፦ የአገሪቱ የምርምር ጽሑፍ ቁጥር የማሌዥያ አንድ ሰባተኛ ብቻ ነው። ጎረቤት ሲቀድም ያማል፤ ይገባኛል።

ጫጫታው ቀላል አልነበረም። ብዙ መቶ ሺህ ተመራቂ በየዓመቱ የሚወጣበት አገር ነው፤ ይህን ሁሉ ጽሑፍ የሚያትም መጽሔት ከየት ይምጣ? የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተቃወሙ፤ ሁሉም ተቋም ትእዛዙን እኩል አልፈጸመውም። መልሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። በ2001 ከካናዳ የወጣ፣ መጽሔት በኢንተርኔት ለማዘጋጀት የሚያገለግል ነፃ ፕሮግራም አለ። የወረቀት ወጪ የለ፣ የማተሚያ ቤት ወረፋ የለ፤ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የራሱን መጽሔት ከፈተ። ዛሬ ይህን ፕሮግራም በመጠቀም ኢንዶኔዥያ ከዓለም አንደኛ ናት። በ2017 መንግሥት «ሲንታ» የሚባል መዝጋቢ አቋቁሞ መጽሔቶቹን ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ ያወጣላቸው ጀመር። እንደ ዮግያካርታው «ሊተራ» ያሉ የቆዩ መጽሔቶች አሉ፤ ትናንት የተከፈቱም አሉ።

አስተማሪውም አልተረፈም። በ2009 የወጣ ደንብ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ማዕረግ ለማደግ የታተመ ጽሑፍ ወይም ሌላ የፈጠራ ሥራ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ከሆነ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መብዛቱ አይገርምም። እኔ ለሴሚናሩ ካነበብኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው፦ በእገሌ ከተማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ግጥም የመጻፍ ችሎታቸው ዝቅተኛ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዘዴ በሁለት ዙር ተሞከረ፤ ውጤታቸው ከፍ አለ። ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ዘዴው ያልሠራበትን ጽሑፍ ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ደከምኩ። በኢንዶኔዥያኛ «ጆኪ» የሚባል ቃል አለ፤ ለሌላው ሰው ፈተና የሚቀመጥ ወይም ጥናት የሚጽፍ ቅጥረኛ ማለት ነው። ጋዜጦቻቸው ስለሱ ብዙ ጽፈዋል።

ይህን ያልኩት ለማላገጥ እንዳይመስላችሁ። በትርጉም ፕሮግራም እየታገዝኩ ካነበብኳቸው ውስጥ ልቤን የነኩኝ አሉ። የክልሉን ተረት ለማስተማር አያቶችን ክፍል ድረስ የጠሩ አስተማሪዎች የጻፉት አለ። ልጆቹ ቤት በሚናገሩትና መማሪያ መጽሐፉ በሚፈልገው መካከል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ የመዘገቡም አሉ። እነዚህ ጽሑፎች ለማንም አስተማሪ ይጠቅማሉ፤ ለእኛ አማርኛ ለሚያስተምሩትም ጭምር። ችግሩ ከብዙ ሺህ መካከል ማን ፈልጎ ያገኛቸዋል ነው። «ፑጃንጋ ባሩ» 150 አንባቢ ነበረው። ዛሬ አንድ ጥናት ከጸሐፊው፣ ከአዘጋጁና ከሁለት ገምጋሚዎች ሌላ ስንት ሰው እንደሚያነበው ሳስብ አንዳንዴ ያ ቁጥር ብዙ ይመስለኛል።

ልጆቹስ? ኢንዶኔዥያ ፒዛ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ላይ ከመነሻው ጀምሮ ትሳተፋለች። በ2000 የማንበብ ውጤቷ 371 ነበር። በ2018 እንደገና 371። በ2022 ደግሞ 359። በቀጥታ ጥናቱ አልሠራም ማለት አይቻልም። በእነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት ያልነበሩ ብዙ ድሃ ልጆች ወደ ክፍል ገብተዋል፤ ሲፈተኑ አማካዩ ይወርዳል፤ ይህም ራሱ መልካም ነገር ነው። በ2015 ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በየቀኑ 15 ደቂቃ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የሆነ መጽሐፍ ይነበብ የሚል ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ 15 ደቂቃ የተጻፈው ጥናት ራሱን የቻለ ተራራ ነው። በመንደሩ ትምህርት ቤት የሚነበብ መጽሐፍ መኖር አለመኖሩ ግን በጥናት ብዛት አይወሰንም።

ሌላም ውጥረት አለ። በ2009 የወጣው የባንዲራና የቋንቋ ሕግ በኢንዶኔዥያ የሚጻፍና የሚታተም የምርምር ሥራ በኢንዶኔዥያኛ እንዲሆን ያዛል፤ ለተለየ ዓላማ ግን በሌላ ቋንቋ መጻፍን ይፈቅዳል። በ2017 የወጣው የፕሮፌሰሮች ደንብ ደግሞ አበላቸውን ለማግኘት በዓለም አቀፍ መጽሔት እንዲያትሙ ጠየቀ። ዓለም አቀፍ ሲባል በተግባር እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከባንዱንግ የሚወጣውና በስኮፐስ የተመዘገበው የታወቀ የቋንቋ ጥናት መጽሔት የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ኢንዶኔዥያኛ ማስተማር የተጻፈ ጥሩ ጥናት ከፍ ወዳለ ደረጃ በወጣ ቁጥር ከሚያስፈልገው አስተማሪ ይርቃል። በፍሎረስ ወይም በፓፑዋ መንደር ያለ የአንደኛ ደረጃ መምህር እንግሊዝኛውን ማን ይተርጉምለት? የ1928ቱ ልጆች ከደች የሸሹት ይህንኑ ፈርተው ነበር፦ የሚያውቀው ለብቻው፣ የሚማረው ለብቻው እንዳይሆን። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የፕሮፌሰሩ አይደለም። ደሞዙ በአንድ ቋንቋ፣ ሕሊናው በሌላ ቋንቋ የተቆጠረበት ሰው ምን ያድርግ?

ኦገስት 2023 ላይ ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። አዲስ ደንብ ወጥቶ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቸኛ መንገድ መሆኑ ቀረ፤ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችም ለመመረቅ በመጽሔት የማሳተም አገር አቀፍ ግዴታቸው ተነሳ፤ ለየዩኒቨርሲቲው ተተወ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 20 ዩኔስኮ ኢንዶኔዥያኛን የጠቅላላ ጉባኤው አሥረኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ተቀበለ። ሲቲ ሱንዳሪ በደች ከተናገረችበት ጉባኤ 95 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የሴሚናር ጽሑፌን በዕብራይስጥ ጽፌ አስረከብኩ። ኢንዶኔዥያኛ አላውቅም ያልኩት ልጅ አሁን «ፐነሊቲያን» የሚለውን ቃል ከሩቅ እለየዋለሁ። መጽሔቶቹም ግዴታው ቢላላም አልተዘጉም፤ ይህን ከመጨረሴ በፊት ትናንት ማታ አንዱን ከፍቼ ነበር። አዲስ ቅጽ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ጽሑፍ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ግጥም ስለማስተማር ነው። አወረድኩት። ዘዴው ሠርቶ እንደሆነ እስካሁን አላየሁም።